ማሪያ ጎፐርት ማየር

ማሪያ ጎፐርት ማየር (ሰኔ 21 ቀን 1898 ዓ.ም. – የካቲት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.) በጀርመን ተወልዳ አብዛኛውን የሥራ ዘመኗን በአሜሪካ ያሳለፈች የፊዚክስ ሊቅ ነበረች። ከማሪ ኩሪ ቀጥላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለች ሁለተኛዋ ሴት ናት። ሽልማቱን ያገኘችው የአቶም ኒውክለስ በእርከን በእርከን እንደተደራጀ በማስረዳቷ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ግን፣ ለዶክትሬት ማዕረግ በጻፈችው ሥራ፣ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች በአንድ ቅጽበት ተባብረው አንዱ ብቻውን የማይችለውን ሥራ እንደሚሠሩ በሂሳብ አሳይታ ነበር። በጊዜው ይህን በሙከራ ሊያረጋግጥ የሚችል መብራት በዓለም ላይ አልነበረም። ዛሬ በሌዘር ብርሃን ከሰው ፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠኑ የብርና የወርቅ ቅርጾች የሚሠሩት በዚያው ሕግ ነው።

በዚህ ገጽ ከልደቷና ከሞቷ ቀን በቀር ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ማሪያ የተወለደችው ካቶቪትስ በተባለች ከተማ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ካቶቪትሴ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። ለአባቷ ለፍሪድሪክ ጎፐርትና ለእናቷ ለማሪያ ቮልፍ አንድ ልጅ ነበረች። በ1910 አባቷ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ስለተሾመ ቤተሰቡ ወደዚያ ተዛወረ። በአባቷ ወገን ፕሮፌሰርነት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለስድስት ትውልድ ዘልቋል። አባቷም ልጁ ከቤት እመቤትነት ሌላ ሥራ የሌላት ሴት ሆና እንድትቀር አልፈለገም፤ ይህንንም ከልጅነቷ ጀምሮ ይነግራት ነበር።

ጎቲንገን በዚያ ዘመን የሂሳብና የፊዚክስ ሊቃውንት መናኸሪያ ነበረች። ታላቁ የሂሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት የቤተሰቡ ወዳጅና ጎረቤት ነበር። ለልጃገረዶች ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነበር። ማሪያ ለመግቢያ ፈተና የተዘጋጀችው ለሴቶች የመምረጥ መብት ይታገሉ የነበሩ ሴቶች በሚያስተዳድሩት አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እሷም አንድ ዓመት ቀድማ፣ በ17 ዓመቷ፣ ሃኖቨር ሄዳ ተፈተነችና አለፈች። በ1924 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገባች።

የገባችው ሂሳብ ለመማር ነበር። ነገር ግን የጎቲንገኑ ፕሮፌሰር ማክስ ቦርን ከወጣት ባልደረቦቹ ጋር አዲሱን የኳንተም መካኒክስ ትምህርት የሚያበጅበት ጊዜ ስለነበር ወደ እሱ ሴሚናር ተሳበች፤ ሂሳቡንም ትታ ወደ ፊዚክስ ተሻገረች። በ1927 አባቷ ሞተ። እናቷ በሰፊው ቤታቸው ተማሪዎችንና እንግዶችን ማከራየት ጀመረች። ከተከራዮቹ አንዱ ጆሴፍ ማየር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። ማሪያና ጆሴፍ በጥር 1930 ተጋቡ። በዚያው ዓመት የዶክትሬት ጽሑፏን አቀረበች። ፈታኞቿ ማክስ ቦርን፣ ጄምስ ፍራንክና አዶልፍ ዊንዳውስ ነበሩ። ሁለቱ ያን ጊዜ የኖቤል ሽልማት ነበራቸው፤ ቦርን ደግሞ ከ24 ዓመት በኋላ ተሸልሟል።

ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት

የዶክትሬት ጽሑፉ ሐሳብ ለማስረዳት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ሂሳቡ ነው። አልበርት አይንስታይን በ1905 ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው በተቆራረጡ ጥቃቅን እሽጎች እንደሆነ ገልጾ ነበር። እሽጎቹ በኋላ ፎቶን ተባሉ። በአቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከዝቅተኛ ደረጃ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ለመዝለል የተወሰነ ጉልበት ያስፈልገዋል። የመጣው ፎቶን ያን ያህል ጉልበት ካለው ኤሌክትሮኑ ይውጠውና ይዘላል። ከሌለው ግን ፎቶኑ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። አንድ ዝላይ፣ አንድ ፎቶን፤ ሕጉ ይህ ይመስል ነበር።

ማሪያ ፖል ዲራክ በ1927 ባወጣው የብርሃንና የቁስ አካል ግንኙነት ቀመር ላይ ተመሥርታ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳየች። እያንዳንዳቸው ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሹን ብቻ የያዙ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ጊዜ ቢደርሱ ኤሌክትሮኑ ሁለቱንም በአንድነት ውጦ ሊዘል ይችላል። አንድ ሰው ከመሬት ሊያነሣው የማይችለውን ጋን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ቢያነሡት እንደማለት ነው። ቁም ነገሩ በአንድ ጊዜ የሚለው ቃል ላይ ነው። መጀመሪያ አንዱ ሞክሮ ቢሄድና ቆይቶ ሌላው ቢመጣ ጋኑ ካለበት አይነቃነቅም። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ኤሌክትሮኑ አርፎ ሁለተኛውን ፎቶን የሚጠብቅበት መቀመጫ የለምና።

ከዚህ ሐሳብ አንድ አስገራሚ ውጤት ይወጣል። በተለመደው መንገድ ብርሃኑ በእጥፍ ቢጨምር የሚዋጡት ፎቶኖች በእጥፍ ይጨምራሉ። በሁለት ፎቶን መንገድ ግን ብርሃኑ 2 እጥፍ ሲሆን ክስተቱ 4 እጥፍ፣ 3 እጥፍ ሲሆን 9 እጥፍ፣ 10 እጥፍ ሲሆን 100 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑ እጅግ በተጨናነቀበት ቦታ ክስተቱ ይበዛል፤ ሳሳ ባለበት ቦታ ከነጭራሹ የሌለ ያህል ነው። ከዚህ በታች ስለ ብረታ ብረት ሥራ የሚነገረው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች አንዲት የቁጥር ዝምድና ላይ ነው።

በ1929 አጭር ማስታወሻ፣ በ1931 ደግሞ ሙሉውን ሥራ አናለን ደር ፊዚክ በተባለው የጀርመን መጽሔት አሳተመች። ሥራው በአዋቂዎች ዘንድ ተመሰገነ፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብርሃንን በደንብ የሚውጥ አንድ የቀለም ሞለኪውል በጠራራ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ በሰከንድ አንድ ያህል ፎቶን ይውጣል፤ ሁለት ፎቶኖችን በአንድ ቅጽበት የሚውጥበት አጋጣሚ ግን የሚመጣው በ10 ሚሊዮን ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ነው። በ1931 ከፀሐይ ብርሃን ይህን ያህል የበረታ መብራት ማንም አልነበረውም።

በባልቲሞርና በኒውዮርክ

ጆሴፍ ማየር በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስላገኘ ባልና ሚስቱ በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዩኒቨርሲቲው ባልና ሚስት በአንድ ተቋም እንዳይቀጠሩ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ዘመኑም ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የጀመረበት ስለሆነ፣ የአንድ ፕሮፌሰር ሚስት ሥራ ትፈልጋለች ቢባል የሚሰማ አልነበረም። ማሪያ የተሰጣት የፊዚክስ ክፍሉን የጀርመንኛ ደብዳቤዎች የማዘጋጀት ረዳትነት ነው። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን የምትሠራበት ቦታና ቤተ መጻሕፍት አገኘችበት።

ያለ ደረጃም ቢሆን ሥራዋን አላቋረጠችም። ከካርል ኸርዝፌልድና ከባሏ ጋር በኬሚስትሪና በፊዚክስ ድንበር ላይ ያሉ ጥያቄዎችን መረመረች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የበጋ ወቅቶች ወደ ጎቲንገን እየተመለሰች ከቦርን ጋር ሠራች። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ቦርን ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ፣ ፍራንክም ሥራውን በተቃውሞ ለቀቀ፤ የተማረችበት ጎቲንገን በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሰ ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዜግነት አገኘች፤ ሴት ልጇ ማሪያንም ተወለደች። በ1935 አንዳንድ ኒውክለሶች ሁለት ኤሌክትሮኖችን በአንድ ጊዜ ሊያስወጡ እንደሚችሉ የሚተነብይ ጽሑፍ አወጣች። እዚህም ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲሆኑ የሚል ሐሳብ መመለሱ ልብ ይባላል። ይህ ትንቢት በቤተ ሙከራ በቀጥታ እስኪታይ ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በ1938 ወንድ ልጇ ፒተር ተወለደ። ጆሴፍ የሆፕኪንስ ሥራውን በማጣቱ ቤተሰቡ በ1939 ወደ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የፊዚክስ ክፍሉ ለማሪያ ቢሮ ሰጣት፤ ደሞዝ ግን አልሰጣትም። በ1940 ባልና ሚስቱ በጋራ የጻፉት የስታቲስቲካዊ መካኒክስ መማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲዎች አገልግሏል።

ጦርነቱ፦ አይሶቶፖችን በብርሃን መለየት

በታኅሣሥ 1941 ሣራ ሎውረንስ ኮሌጅ በግማሽ ቀን አስተማሪነት ቀጠራት። ዶክትሬቷን ከያዘች 11 ዓመት ሆኗት ነበር፤ በሙያዋ እውነተኛ ደሞዝ ያለው የመጀመሪያ ሥራዋም ይህ ነው። በ1942 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሃሮልድ ዩሪ ይመራ ለነበረው ምስጢራዊ የዩራኒየም ምርምር ተጠራች። ጥያቄው ዩራኒየም 235ን ከዩራኒየም 238 እንዴት መለየት ይቻላል የሚል ነበር። ሁለቱ በኬሚስትሪ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የክብደት ብቻ ነው።

እሷ እንድትመረምር ከተሰጧት ነገሮች አንዱ በብርሃን የመለየት ዘዴ ነው። ሁለቱ አይሶቶፖች የሚውጡት የብርሃን ቀለም በጣም በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ አንዱን ብቻ የሚነካ፣ ሌላውን የሚያልፍ እጅግ የጠራ ቀለም ያለው ብርሃን ቢገኝ መለየት ይቻል ነበር። አልተገኘም፤ በጊዜው የነበሩት መብራቶች ብዙ ቀለም የተቀላቀለባቸው ነበሩ፤ ዘዴውም ተተወ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌዘር ሲመጣ ተመራማሪዎች ወደዚሁ ሐሳብ ተመልሰዋል። በሁለት ፎቶን የጎደላት የብርሃን ብርታት ነበር፤ እዚህ የጎደላት የቀለም ጥራት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያመጣው መሣሪያ ገና አልተሠራም ነበር።

በ1945 መጀመሪያ ባሏ በጦርነቱ ሥራ ወደ ፓሲፊክ ሲላክ እሷ ልጆቿን ኒውዮርክ ትታ በሎስ አላሞስ ከኤድዋርድ ቴለር ቡድን ጋር ጥቂት ወራት ሠራች።

የኒውክለስ እርከኖች

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ሄደ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ደንብ ስለነበረው ማሪያ በፈቃደኝነት የምታገለግል ተባባሪ ፕሮፌሰር ተባለች። ታስተምራለች፣ ተማሪዎች ታማክራለች፣ በኮሚቴ ትቀመጣለች፤ ደሞዝ የለም። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው የተቋቋመው የአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ግን በግማሽ ቀን ደሞዝተኛነት ቀጠራት። ስለ ኒውክለስ ፊዚክስ ብዙ የማታውቅ መሆኗን ስትናገር ተምራ እንደምትደርስበት ተነገራት። ትልቁን ሥራዋን የሠራችው ከዚህ በኋላ ነው።

ከቴለር ጋር ስለ ንጥረ ነገሮች አመጣጥ ስታጠና አንዳንድ ቁጥሮች ደጋግመው ብቅ አሉባት። የፕሮቶኖቻቸው ወይም የኒውትሮኖቻቸው ቁጥር 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82 ወይም 126 የሆነ ኒውክለሶች ከሌሎቹ ይልቅ የጸኑ ናቸው። ለምሳሌ 50 ፕሮቶን ያለው ቆርቆሮ 10 የማይፈርሱ አይሶቶፖች አሉት፤ ይህን ያህል ያለው ሌላ ንጥረ ነገር የለም። እነዚህ ቁጥሮች አስማታዊ ቁጥሮች ተባሉ። ስሙ ግማሽ ቀልድ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን እንደ አጋጣሚ ይቆጥሩት ነበርና።

ኤንሪኮ ፌርሚ አንድ ቀን ሲወያዩ ቆይተው ከቢሮዋ ሲወጣ፣ የቅንጣቶቹ የራስ ሽክርክሪት ከዑደታቸው ጋር የተቆራኘ ስለመሆኑ ማስረጃ ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። ጥያቄው እንደ ቁልፍ ሆነላት፤ ወዲያው ሂሳቡን ስትሠራ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙ። ይህንን ለሰው ስታስረዳ በቫልስ ጭፈራ ትመስለው ነበር። በአዳራሽ ውስጥ ጥንዶች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ እየዞሩም እያንዳንዱ ጥንድ በራሱ ላይ ይሽከረከራል። ከዙሩ አቅጣጫ ጋር የሚሽከረከሩት በቀላሉ ይሄዳሉ፣ ወደ ተቃራኒው የሚሽከረከሩት ይደክማሉ። በኒውክለስ ውስጥም ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በሽክርክሪታቸው አቅጣጫ የተነሣ የጉልበት ልዩነት ስላላቸው እርከኖቹ ይከፈላሉ። ማብራሪያዋን በ1949 አወጣች። በዚያው ዓመት በጀርመን ሃንስ የንሰን፣ ኦቶ ሃክስልና ሃንስ ዙስ ለብቻቸው እዚያው መልስ ላይ ደርሰው አሳተሙ። ፉክክር ሊሆን የሚችለው ነገር ወዳጅነት ሆነ፤ ማሪያና የንሰን በ1955 ስለ ኒውክለስ እርከኖች በጋራ መጽሐፍ አወጡ።

1960 እና ሌዘር

በ1960 ማሪያ በሳን ዲዬጎ በአዲሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ በደሞዝ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆና ተሾመች፤ ባሏም እዚያው ተቀጠረ። ዶክትሬቷን ከተቀበለች 30 ዓመት አልፎ ነበር። ከ1956 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ነበረች። አካዳሚው የመረጣትን ሰው ደሞዝ ከፍሎ በሙሉ ማዕረግ የሚያስቀምጥ ዩኒቨርሲቲ እስኪገኝ ይህን ያህል መቆየቱን በደንቡ ብቻ ማሳበብ ይከብዳል።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በዚያው በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ሌዘሩ ከቀይ ዕንቁ ዘንግ የሚወጣ የብርሃን ምት ነበር። ከተራ መብራት የሚለየው ቀለሙ አንድ መሆኑና ጨረሩ በሌንስ ተሰብስቦ በአንዲት ነጥብ ላይ መከማቸት መቻሉ ነው። በ1961 የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ቮልፍጋንግ ካይዘርና ጋሬት የዚህን ሌዘር ቀይ ብርሃን ዩሮፒየም የተባለ ንጥረ ነገር በተጨመረበት ክሪስታል ላይ ላኩት። ከክሪስታሉ የወጣው ብርሃን ሰማያዊ ነበር። የሰማያዊ ፎቶን ጉልበት ከቀይ ፎቶን ስለሚበልጥ ይህ ሊሆን የሚችለው ሁለት ቀይ ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት ሲዋጡ ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የሰፈረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ። ማሪያ ያን ጊዜ 55 ዓመቷ ነበር። በዚህ ምርምር አልተሳተፈችም፤ ሐሳቧ ኒውክለስ ላይ ነበር።

በ1963 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት እኩሌታው ለዩጂን ዊግነር፣ ቀሪው እኩሌታ ለማሪያና ለየንሰን ተሰጠ። ከማሪ ኩሪ የ1903 ሽልማት 60 ዓመት አልፎ ነበር። የሳን ዲዬጎ ጋዜጣ ዜናውን ሲያወጣ በርዕሱ የጠራት ፕሮፌሰር ብሎ ሳይሆን የከተማዋ እናት ብሎ ነው።

በሌዘር የሚሠሩ ጥቃቅን የብረታ ብረት ቅርጾች

ማሪያ ያላየችው ነገር የመጣው ከሞቷ በኋላ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጅግ አጭር የሆነ የብርሃን ምት። የፌምቶሰከንድ ሌዘር አንድ ምት የሚቆየው በሰከንድ ሚሊዮንኛ የቢሊዮንኛ ክፍል በሚቆጠር ጊዜ ነው። ጉልበቱ በዚያች ቅጽበት ስለሚታጨቅ የምቱ ብርታት ከመጠን ያልፋል፤ በአማካይ ሲታይ ግን ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ዕቃውን አያቃጥልም።

አሁን ይህ ጨረር በሌንስ ተሰብስቦ በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሙጫ ውስጥ ይገባል እንበል። ሙጫው የሚደርቀው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ጨረሩ ግን 780 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ከቀይ ያለፈ ብርሃን ነው። ስለዚህ በመስታወት እንደሚያልፍ ሁሉ ሙጫውን ሳይነካ ያልፋል። ጨረሩ በተሰበሰበባት ነጥብ ላይ ብቻ ፎቶኖች ተጨናንቀው ሁለት ሁለት ሆነው ይዋጣሉ፤ የሁለቱ ድምር የአልትራቫዮሌት ያህል ጉልበት ስለሚሆን ሙጫው እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ይጠነክራል። ከነጥቧ በላይም ሆነ በታች ብርሃኑ የሳሳ ስለሆነ ምንም አይሆንም። በተራ ብርሃን ቢሆን ጨረሩ ያለፈበት መንገድ ሁሉ በደረቀ ነበር። ነጥቧን በኮምፒውተር እየመሩ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ላይኛውን ክፍል ሳይነኩ በውስጥ ሥዕል መሣል ይቻላል። በ2001 የጃፓኑ ሳቶሺ ካዋታና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ 10 ማይክሮሜትር ርዝመት ያለው የበሬ ምስል ሠርተው አሳዩ፤ ከአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ብዙም የማይበልጥ። በሬው የፕላስቲክ ነበር።

ፕላስቲክን ወደ ብረታ ብረት ማሻገር ተጨማሪ ብልሃት ጠየቀ። ብረታ ብረት ብርሃን ስለማያሳልፍ ጨረሩ ወደ ውስጡ ገብቶ ሊቀርጸው አይችልም። ስለዚህ መነሣት ያለበት ብርሃን ከሚያሳልፍ ነገር ነው። አንዱ መንገድ ከብር ጨው ይጀምራል። ጨው በውኃ ሲሟሟ ብሩ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው አዮን ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ፈሳሹም እንደ ውኃ የጠራ ነው። ጨረሩ በተሰበሰበባት ነጥብ ላይ ሁለት ፎቶኖች ሲዋጡ አዮኑ የጎደለውን ኤሌክትሮን ያገኝና ብር ይሆናል። የብር አቶሞች ተጠጋግተው ቅንጣት፣ ቅንጣቶቹም ተያይዘው ሽቦ ይሠራሉ። በ2006 ታናካ፣ ኢሺካዋና ካዋታ በጃፓን በዚህ መንገድ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ፣ ከመሠረታቸው ተነሥተው የቆሙ ጥቃቅን የብርና የወርቅ ቅርጾችን ሠሩ። የዘዴው ችግር የብር ቅንጣት አንዴ ከጀመረ ዝም ብሎ ማደጉ ነው፤ መስመሩ ይወፍራል፣ ገጹ ይሻክራል። ከሦስት ዓመት በኋላ የቅንጣቶቹን ገጽ ሸፍኖ እድገታቸውን የሚገታ እንደ ሳሙና ያለ ውህድ በመጨመር መስመሩን ወደ 120 ናኖሜትር ማቅጠን ተቻለ።

ሁለተኛው መንገድ ሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ናስ ለሚያፈስ አንጥረኛ እንግዳ አይደለም። በ2009 በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ተመራማሪዎች በሌዘር በፕላስቲክ ውስጥ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዙ ባዶ ቦዮችን ቀረጹ። ቦዮቹን በኤሌክትሪክ ልባጥ ዘዴ በወርቅ ሞሉ፤ ከዚያም ፕላስቲኩን አስወገዱ። የቀረው እንደ ሣር የበቀለ የወርቅ ጥምዝምዝ ነበር። ጥምዝምዙ በራሱ አቅጣጫ የሚሽከረከረውን ብርሃን ያግዳል፣ በተቃራኒው የሚሽከረከረውን ያሳልፋል፤ ከእርሻ ማሳ ሳይሆን ከብርሃን ሞገድ ጋር የሚመጣጠን ወንፊት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ብረቱን ከሙጫው ጋር ማዋሃድ ነው። በ2018 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ኒኬል የተዋሃደበት ሙጫ አዘጋጅተው ቅርጹን በሁለት ፎቶን ከሠሩ በኋላ በእቶን አሞቁት። ካርቦኑ ተቃጥሎ ሲወጣ ቅርጹ እጅግ ይኮማተራል፤ ኒኬሉ ግን መልኩን ሳይለቅ ይቀራል። በዚህም ወጋግራዎቻቸው ከአንድ ማይክሮሜትር የቀጠኑ የኒኬል ቋሚዎችና ማገሮች ተሠርተዋል።

ሦስቱም መንገዶች ዝግ ናቸው። ነጥብ በነጥብ መሣል ጊዜ ይፈጃል፤ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ለመጨረስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዘዴው እስካሁን በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና መታሰቢያ

ማሪያ ሳን ዲዬጎ እንደደረሰች ብዙም ሳትቆይ ስትሮክ አጋጥሟት ጤናዋ ታወከ። ለረጅም ጊዜ ሲጋራ በብዛት ታጨስ ነበር። ሕመሙ ሳያግዳት ለተጨማሪ ዓመታት አስተማረች፣ ምርምሯንም ቀጠለች። በ1971 የልብ ድካም ጽኑ ሕመም ላይ ጣላት፤ በየካቲት 1972 በ65 ዓመቷ በሳን ዲዬጎ አረፈች፤ እዚያው ተቀበረች።

አንድ ሞለኪውል ሁለት ፎቶኖችን በአንድነት የመዋጥ ችሎታው የሚለካበት አሃድ በስሟ ጎፐርት ማየር ይባላል። አሃዱ በሴንቲሜትርና በሰከንድ ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ 49 ዜሮዎች ተደርድረው 1 ይከተላል፤ የመጀመሪያው ማረጋገጫ 30 ዓመት ለምን እንደፈጀ ከዚህ ቁጥር መገመት ይቻላል። በሌዘር ጥቃቅን ነገሮችን ለመሥራት አዲስ ሙጫ የሚቀምሙ ኬሚስቶች የሚያወዳድሩት በዚህ አሃድ ነው።

ከእሷ በኋላ በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመች ሦስተኛዋ ሴት ካናዳዊቷ ዶና ስትሪክላንድ ናት፤ ጊዜው 2018 ነበር። የተሸለመችበት ሥራ ከጄራር ሙሩ ጋር በ1985 ያወጡት የሌዘር ምትን እጅግ አጭርና እጅግ ብርቱ የማድረግ ዘዴ ነው። በዶክትሬት ጽሑፏ ከጠቀሰቻቸው ሥራዎች አንዱ የማሪያ የ1931 ጽሑፍ ነበር።

የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለወጣት ሴት ተመራማሪዎች በስሟ ዓመታዊ ሽልማት ይሰጣል። በ2011 የአሜሪካ ፖስታ ምስሏ ያለበት ቴምብር አውጥቷል። በቬነስ ፕላኔት ላይ የሚገኝ አንድ ጉድጓድም በስሟ ተሰይሟል።